ንጹሑ ክላሰርና የዶሮዎቹ ትምህርት ቤት

ጃኔል ሩፕ ክላሰሯን የምትይዘው እንደ ሙሽራ ነበር። ልትከፍተው ስትል እጇን ትታጠባለች፤ ስትዘጋው በክንዷ ትወለውለዋለች፤ ስታስቀምጠው ደግሞ ድመቷም ባሏም እንዳይነኩት ብላ ከማቀዝቀዣው ጫፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ባሏ ዳረል ቁመቱ ከማቀዝቀዣው ይበልጣል። ቢሆንም አይነካውም፤ የወተት መኪና የሚነዳ ሰው እጁ ምን ጊዜም ቅባት አያጣም ተብሎ ተፈርዶበታል።

እዚህ ክሮስ ሚል ሸለቆ ውስጥ ልጁን ቤት የሚያስተምር ሰው ብርቅ አይደለም። ግን ፔንሲልቫኒያ ነውና ዝም ብሎ ማስተማር የለም፤ ማሳየት አለ። ምን መጽሐፍ እንደተነበበ በዕለት መዝገብ ይጻፋል፤ የልጁ ሥራ በየትምህርቱ እየተለየ ይሰበሰባል። ዓመቱ ሲያልቅ ፈቃድ ያለው ገምጋሚ ይመጣና ወረቀቱን አገላብጦ፣ ልጁን አነጋግሮ፣ «አዎ፣ ይህ ልጅ ተምሯል፤ ከነበረበትም ተራምዷል» ብሎ ይፈርማል። ፊርማው ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ግን ክረምቱ ሲያልቅ ልጅ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ነው።

የጃኔል ልጅ ሌቲ ስድስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ ወሬዋ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ጃኔል ልጇን ቤት ላስተምር ስትል ዳረል ጭንቅላቱን አክኮ አክኮ፣ «እሺ፣ አንድ ዓመት እንሞክረው» አለ። «ገምጋሚዋ ከፈረመች እንቀጥላለን። ካልፈረመች ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አንቺም አታኮርፊም።»

«አላኮርፍም» አለች ጃኔል። እያኮረፈች።

የዳረል እናት አርሊን ግን ዓመቱ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሆድ አልነበራቸውም። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ወሬውን በሰሙ ማግስት ከተማ ወርደው ጉጉት የተሣለበት የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዙና ኮሪደራቸው ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀሉት። ጃኔል ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር ቦርሳው ፊት ለፊቷ ነው።

«ምንም ማለቴ አይደለም እኮ» ይላሉ አርሊን። «ለማንኛውም ብዬ ነው።»

አይ አማት! ከስድብ ሁሉ የሚከፋው እኮ «ለማንኛውም» የሚሉት ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ። ጃኔል ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ የሰዓት ድልድል አወጣች። ጸሎት፣ ንባብ፣ የእጅ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ የአገር ታሪክ፣ መዝሙር፤ ይባስ ብላ ላቲን! ሌቲ ገና የራሷን ስም አስተካክላ አልጻፈችም፤ ለእሷ ላቲን ተመደበላት። ሁሉም በየሩብ ሰዓቱ ተሸንሽኖ፣ በባለ ቀለም እርሳስ ተሰምሮበት፣ ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። ሰው ግን የሚኖረው ወረቀት ላይ አይደለም። ጠዋት ፓንኬኩ አረረ። ሌቲ ጠረጴዛ ሥር ገብታ «እኔ ዛሬ ጥንቸል ነኝ፤ ጥንቸል አይማርም» አለች። የጎረቤት ጥጃ አጥር ጥሳ ሰላጣቸው ውስጥ ገባች። ረፋድ ላይ ጃኔል የጓሮ በር ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያም የሰዓት ድልድሉን አንስታ ከግርጌው በትልልቁ «አልችልም!» ብላ ጻፈችበት፤ ጨምድዳ ምድጃው አጠገብ ካለው የማቀጣጠያ ሳጥን ውስጥ ወረወረችው።

በነጋታው ግን ተነሣች። ላቲኑን ትታ አንድ የተረት መጽሐፍ ብቻ ይዛ እዚያው ደረጃ ላይ ሌቲን ጎኗ አስቀምጣ ማንበብ ጀመረች። እንዲያ እንዲያ እያለ ነገሩ መስመር ያዘ።

መስመር ያልያዘው ሌላ ነገር ነው። ጃኔል ልጅ ሳለች ፊደል እየገለበጠች ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ ድርሰቷን ክፍሉ ፊት አነበበችና «ስንት ስሕተት አገኛችሁ?» ብላ ተማሪውን ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የጃኔልን አንጀት የቆረጠው ሳቁ እንኳ አይደለም፤ በቀይ የተዥጎረጎረውን ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ቤቷ የሄደችው ነገር ነው። ያን ቀን የዋጠችው እንባ እስከ ዛሬ አልወረደላትም። ልጅ ስትወልድ በሆዷ ማለች፤ የኔ ልጅ ስሕተት ለማንም አይታይም አለች።

እና እንዲህ ታደርጋለች። ሌቲ ትጽፋለች፤ ኤስ የምትባለዋ ፊደል ወደ ኋላ ዞራ ትመጣለች፣ ሰባት ቁጥር በጀርባዋ ትተኛለች። ጃኔል አትቆጣም፣ ቀይ እርሳስም ቤቷ አይገባም። ግንባሯን ስማ «ይቺ ልምምድ ናት የኔ ማር፤ አሁን ደግሞ ዋናውን እንጻፍ» ትላታለች። ልምምዱ ወደ ማቀጣጠያው ሳጥን ይሄዳል። ሌላ ይጻፋል፤ እሱም ከተንጋደደ ወደ ሳጥኑ። ቀጥ ብሎ የወጣው ብቻ የላስቲክ ሽፋን ለብሶ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ በባለ ቀለሙ መለያ ካርቶን መካከል ይገባል። ንባቡ ለብቻ፣ ሒሳቡ ለብቻ፣ ሥዕሉ ለብቻ። አንድ እድፍ የለው፣ አንድ ስርዝ የለው።

በሚያዝያ የቤት አስተማሪ እናቶች በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ደንባቸው ነው፤ ሁሉም የሠራችውን ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ ክላሰሯንም ይዛ ትመጣለች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን የተጋገረ ማካሮኒ፣ አንድ ክላሰር፣ አንድ በስኳር ሽሮፕ የተጋገረ የሞላሰስ ፓይ፣ አንድ ክላሰር እየተባለ ይደረደራል። ምግቡን ቀምሰው ይመሰጋገናሉ፣ ክላሰሩን ገልጠው ይቀናናሉ። ኮሪን የምትባለው የአራት ልጆች እናት የጃኔልን ገልጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኧረ አንቺ! ይሄ በእጅ ነው ወይስ ማተሚያ ቤት ወስደሽው ነው?»

«በእጇ ነው። ሌቲ ናት የጻፈችው።»

«ውሸት! የኔዎቹን ብታዪ፣ ግማሹ ጃም ነው። የልጄን ሒሳብ ብትልሺው ይጣፍጣል!»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ጃኔልም ሳቀች፤ ውስጧ ግን ቅቤ ጠጣ። ያን ዕለት ቤቷ የገባችው ሽልማት እንደወሰደች ላም አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሩፖች ቤት ሁለት ነገር ይጠፋ ነበር። አንደኛው የማቀጣጠያ ወረቀት ነው። ዳረል ማለዳ ተነሥቶ ምድጃ ሊያያይዝ ሳጥኑን ሲያይ ባዶ ነው።

«ጃኔል፣ ወረቀቱን ማነው የሚበላው?»

«አንተው ነህ! እፍኝ ሙሉ እየማገድክ ደግሞ ትጠይቀኛለህ?»

ሁለተኛው የልብስ መቆንጠጫ ነው። ጃኔል አንሶላ ልታሰጣ ስትወጣ ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ሦስት ብቻ ቀርቷል። ነፋሱን ረገመች፣ ቀጥላ ድመቷን ረገመች። ሌቲን የጠረጠረ የለም። ሌቲ እኮ ሥራ ላይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከዶሮ ቤት እንቁላል ትለቅማለች። ለቀማው ሲረዝም ጃኔል ደስ ይላታል፤ በዕለት መዝገቧም ላይ «የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ዶሮዎችን መመልከት» ብላ ትጽፈዋለች። ዳረል አንዴ «እነዚህ ዶሮዎች ምን ሆነው ነው ጠዋት ጠዋት እንዲህ የሚንጫጩት?» ብሎ ነበር።

ሰኔ ገባና ገምጋሚዋ ወይዘሮ ፊሊስ ጎርማን መጡ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ፀሐይ ቢሆን ዝናብ ያው የላስቲክ ቡት ጫማቸውን አድርገው አሮጌ ፒክአፕ እየነዱ ነው የሚመጡት። ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም፣ አፋቸው ደግሞ እውነት አያጣም። ሸለቆው «ጎርማን የፈረሙበትን የወረዳው ጽሕፈት ቤት አያየውም፤ ዝም ብሎ ያልፋል» ይላቸዋል።

ጃኔል ቤቱን ጠርጋ፣ ፓይ ጋግራ፣ ሌቲን አበጥራ ጠበቀቻቸው። እግራቸው ከመግባቱ ሌላ መኪና ግቢው ውስጥ ቆመ። አርሊን ናቸው።

«መጥበሻሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው» አሉ፤ ከገና ጀምሮ እሳቸው ዘንድ የነበረውን መጥበሻ እያሳዩ። «እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ የለሁም በሉ።» ይህን ብለው ከምድጃው አጠገብ ጆሯቸው ወደ ጠረጴዛው በሆነበት ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ጎርማን ክላሰሩን ከፈቱ። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሁለት ገለጡ። «እህ» አሉ። ወደ መሐል ሄዱ፣ ተመልሰው ወደ መጀመሪያው መጡ፣ ወደ መጨረሻው ሄዱ። መነጽራቸውን አወለቁና በሹራባቸው ጫፍ ወልውለው መልሰው አደረጉት።

«ጃኔል፣ እንዲህ ያለ ክላሰር አይቼ አላውቅም» አሉ።

«አመሰግናለሁ!»

«ቆይ፣ ገና አላመሰገንኩሽም። ይሄ የመስከረም ነው፤ ይሄ የግንቦት ነው። ልዩነቱን አሳዪኝ።»

ጃኔል አየች። መስከረም ላይ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግንቦትም ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥር ላይም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ እጅ፣ አንድ መስመር፣ አንድ ንጽሕና።

«ይሄን ክላሰር ባምን፣ ሌቲ መስከረም ላይ ሁሉን አውቃ ነው የጀመረችው፤ ከዚያ ወዲህ ጣቷን አላነሣችም» አሉ ወይዘሮ ጎርማን። «እኔ የምፈርመው ልጅ ተራምዷል ብዬ ነው። እርምጃው የታለ? መጀመሪያ የሞከረችው፣ የተንጋደደው፣ የተሰረዘው የት ሄደ?»

«እሱማ...» አለች ጃኔል። «ልምምድ ነበር። ምድጃ ውስጥ ገባ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ከምድጃው አጠገብ አንድ ነገር ኳ አለ። አርሊን መጥበሻውን ጥለውት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ምስኪኗ ጃኔል ግን ጥምጣሙን ብቻ አሳምራ ትምህርቱን ራሱን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ ጎርማን ብዕራቸውን ክዳን አለበሱት። «እኔ አንቺን ስለምጠላ አይደለም። ቤትሽን አየሁት፣ ልጅሽንም አየኋት። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም። የወረዳው ሰዎችም ልጅቷ መጀመሪያ ምን ትችል እንደነበር ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም።»

ጃኔልን አማቷ ኮሪደር ውስጥ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ጉጉት መጣባት። ቢጫው አውቶቡስ መጣባት፤ ደረቷ ላይ ወረቀት ለጥፋ የተቀመጠችው ልጅ መጣችባት፤ ልጅቷ ግን ጥርስ የላትም፣ ፊቷ የሌቲ ነው። እንባዋ ዓይኗን ሞላው።

«ይልቅ የሥራውን ባለቤት እንጠይቅ» አሉ ወይዘሮ ጎርማን ወደ ሌቲ ዞረው፤ ከረሜላ ከኪሳቸው አወጡ። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ። በረዶ ሳይወርድ በፊት፣ ያኔ ትምህርት ስትጀምሪ፣ መጻፍ ትችይ ነበር?»

«አልችልም ነበር!» አለች ሌቲ በኩራት። «ኤሴ ወደ ኋላ ነበር የምትሄደው። ሰባቴ ደግሞ ተኝታ ነበር።»

«እንዴት አወቅሽ? ታስታውሻለሽ?»

«አየዋለሁ እኮ። በየቀኑ ነው የማየው።»

«የት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ሌቲ፣ አንቺ ትምህርት ቤት አትሄጂም» አለች ጃኔል።

«እኔ አይደለሁም የምማረው» አለች ሌቲ፣ ከረሜላውን ወደ ጉንጯ ገፍታ። «እኔ አስተማሪ ነኝ። የሚማሩት ዶሮዎቹ ናቸው።»

ሁሉም ተያዩ። ወይዘሮ ጎርማን ከወንበሩ ተነሡ፤ ወንበሩ እፎይ አለ። «በይ አስጎብኚኝ» አሉ።

ዶሮ ቤቱ ከጓሮው ጥግ ነው፤ ዳረል ከአሮጌ በር ጣውላ ያቆመው፣ ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ። ሌቲ ፊት፣ ወይዘሮ ጎርማን ቀጥለው፣ ከኋላ ጃኔል፣ ከሁሉም ኋላ «እኔ የለሁም» ያሉት አርሊን ገቡ። ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ጃኔል ቀና ብላ አየች።

ከበሩ ጀምሮ እስከ እንቁላል መጣያው ሳጥን ድረስ የድርቆሽ ሲባጎ ተወጥሯል። ከሥሩ ሌላ ሲባጎ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። በሲባጎዎቹ ላይ የጠፋው የልብስ መቆንጠጫ ሁሉ አለ፤ በየመቆንጠጫው ደግሞ ከማቀጣጠያው ሳጥን የጠፋው ወረቀት ተንጠልጥሏል። በእጅ ተዳምጦ ጭምድዱ ወጥቶለታል። አንዳንዱ ጥግ ጥጉ ተበልቷል፣ አንዳንዱ ላይ ዶሮ የራሷን አስተያየት ጥላበታለች።

«ከዚህ ነው የሚጀምረው» አለች ሌቲ በሩ አጠገብ ቆማ፣ በእንጨት እየጠቆመች። «ይሄ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። አያችሁ ኤሷን? ሞኝ ናት። ይሄ የምስጋና በዓል ሰሞን ነው። እዚህ ጋ ቀጥ አለች፣ እዚህ ጋ ደግሞ ረሳኋት። ይሄ በረዶ የወረደ ቀን ነው።»

ወይዘሮ ጎርማን አንድ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበትና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። በሩ ጋ አንዲት ብቸኛ ፊደል ገጹን ሙሉ ትንከራተታለች። ትንሽ አልፎ የሌቲ ስም፣ ግማሹ ሽቅብ ግማሹ ቁልቁል። በሁለተኛው ሲባጎ መሐል ላይ «ድመት ተኛች» የሚል፣ በሦስት ስርዝ የተገኘ። ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ «ፒክል ዛሬም እንቁላል አልጣለችም፤ ምክንያቱም ሰነፍ ናት» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ አንዲት ፊደል ብቻ የተንሸዋረረችበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ዶሮ ቤት ውስጥ ግን ሲሄድ በዓይን ይታይ ነበር።

«ፒክል የቷ ናት?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ጎርማን።

«ያቺ። ጫማዎን የምትበላዋ።»

ጥቁሯ ዶሮ እውነትም ቡት ጫማውን እየጎነተለች ነው።

«ትምህርት እንዴት ይዟታል?»

ሌቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልገባትም። ወረቀቱን ትበላዋለች። ግን እንዳይከፋት አልነግራትም።»

«እኔም በዘመኔ ሦስት ፒክሎች አስተምሬያለሁ» አሉ ወይዘሮ ጎርማን።

«ሦስት ብቻ?» አሉ አርሊን ከበሩ። «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ!»

ሁለቱ አሮጊቶች እስኪያስላቸው ሳቁ። ጃኔል አልሳቀችም። ዓይኗ የመጀመሪያው ሲባጎ ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ወረቀት ፊት በተንጠለጠለው ላይ ተተክሏል። ያንን ወረቀት ታውቀዋለች። ባለ ቀለም መስመሩን ታውቀዋለች። ጸሎት፣ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ላቲን። ከግርጌውም በትልልቁ፣ በራሷ እጅ፣ «አልችልም!»

ከሁሉም በላይ ያስደነገጣት ግን እሱ አይደለም። ከቃሉ አጠገብ የወርቅ ቀለም ያለው ተለጣፊ ኮከብ አለ።

ወይዘሮ ጎርማንም አዩት። «ይሄስ የማን ሥራ ነው?»

«የእማዬ ነው።»

«ኮከቡንስ ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኛ። አስተማሪ ነኝ አልኩ እኮ።»

«ግን እኮ አልችልም ነው የሚለው። ላልቻለ ሰው ኮከብ ይሰጣል?»

ሌቲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየቻቸው። «ዶሮዎቹም አይችሉም። አንዳቸውም መልሱን አግኝተው አያውቁም። ለመልስ ቢሆን ኮከቡ አያልቅም ነበር። እኔ የምሰጠው በነጋታው ተመልሶ ለመጣ ነው።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ ያን ቀን አለቀሰች፤ በነጋታው ግን ተመልሳ መጣች። ደረጃው ላይ ተረት አነበበችልኝ።»

ጃኔል አለቀሰች። ይህን አልደብቃችሁም፤ ዶሮ ቤት ውስጥ፣ አማቷ ፊት፣ ገምጋሚዋ ፊት፣ አፏን በሽርጧ ሸፍና እየሳቀች አለቀሰች። የልጇን ስሕተት ከሰው ዓይን ልትሸሽግ ዓመት ሙሉ ስትደክም፣ ልጇ ስሕተቱን ሁሉ አውጥታ ሲባጎ ላይ ሰቅላዋለች፤ ኮከብም ሰጥታዋለች፤ አላፈረችበትም። ለካ ያፈረችው እናቲቱ ብቻ ነበረች።

«በይ ተነሺ» አሉ ወይዘሮ ጎርማን ከባልዲው ላይ እየተነሡ። «ከየወሩ አንድ አንድ አውርጂልኝ፤ ክላሰርሽ ውስጥ ይገባል።»

«ይቺኛዋ ላይ ግን ዶሮዋ...» አለች ጃኔል፣ አንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ። «ልጥረጋት?»

«ተያት። እሷም ማስረጃ ናት፤ ማንም አስመስሎ ሊሠራው እንደማይችል ታሳያለች።»

ኩሽና ተመልሰው ክላሰሩ ተከፈተ። የመስከረሙ የተንጋደደ ወረቀት፣ እድፉን እንደያዘ፣ ከመስከረሙ ንጹሕ ወረቀት አጠገብ የላስቲክ ሽፋን ለበሰ። የመጀመሪያውን ጃኔል ዓይኗን ጨፍና አስገባችው፤ ሁለተኛው ላይ ቀለል አላት፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ እያዜመች ነበር። የሰዓት ድልድሉን ወይዘሮ ጎርማን አነሡና መልሰው በእጇ ላይ አኖሩት።

«ይሄ የልጅቷ ሥራ ስላልሆነ ለወረዳው አልልክም። አንቺ ግን እንዳትጥዪው።»

ከዚያ ብዕራቸውን ከፈቱና ፈረሙ። ጨው እንደሚነሰንሱ ነገር ፈጠን አድርገው፣ ፓዩን በግራ እጃቸው እየጎረሱ።

አርሊን ግን ወጥተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ሲመለሱ ጉጉቱን ይዘዋል። ቦርሳውን ይዘውት ነው የመጡት፤ ለማንኛውም ብለው! ጃኔል ፊቷ ጠቆረ።

«እማማ አርሊን፣ ፈርመዋል እኮ!»

«አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም» አሉ አርሊን። ጎንበስ ብለው ቦርሳውን ሌቲ ጀርባ ላይ አስተካክለው አሰሩላት። «አስተማሪ ወረቀቷን የምትይዝበት ያስፈልጋታል። ትምህርት ቤቱ እጓሮ ቢሆንም ያው ትምህርት ቤት ነው።» ቀና ሲሉ ጃኔልን አዩዋትና ዓይናቸውን ወዲያው አሸሹ። «ያን ያህል ዓመት ሳስተምር ተመልሶ ለመጣ ልጅ ኮከብ ስጪ ያለኝ ሰው የለም። ብሰጥ ጥሩ ነበር።»

«ፓይ ይብሉ» አለች ጃኔል። አርሊን ሁለት ቁራሽ በሉ።

ማታ ዳረል ሲገባ ወሬውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ነገረው። እሱ የሰማው አንዱን ብቻ ነው። «እና ወረቀቱን ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም ማለት ነው?» አለ። «ይሄ በመዝገብ ይጻፍልኝ!» ጃኔልም የዕለት መዝገቡን አውርዳ ጻፈችለት።

ክረምቱ አልፎ አዲሱ የትምህርት ዓመት ገባ። ጃኔል አዲስ ክላሰር ገዛች፤ መጀመሪያው ሽፋን ውስጥ ያንን የተጨማደደ የሰዓት ድልድል ከነኮከቡ አስገባችው። በአንደኛው ቀን ምን ሆነ ብትሉ፣ ፓንኬኩ አረረ። ሌቲ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ ዘንድሮ ቀበሮ ናት። የማንበቢያው መጽሐፍ የወተት ድስት ውስጥ ወደቀ። ጃኔል ጮኸች፣ በመጮኋም ደግሞ አዘነች፣ ሁለቱም አኩርፈው ዋሉ።

በነጋታው ጠዋት ጃኔል ወደ ኩሽና ስትገባ ሌቲ ቀድማ ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ። ከወረቀቱ አንድ የወርቅ ኮከብ ላጠች፤ እናቷን ጎንበስ በይ አለቻትና ግንባሯ ላይ ለጠፈችላት።

«ተመልሰሽ መጣሽ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ጃኔል ዱቄት ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ኮሪንን አገኘቻት። «አንቺ፣ ግንባርሽ ላይ አንድ ነገር ተለጥፏል» አለቻት ኮሪን ልታነሣላት እጇን ዘርግታ።

ጃኔል ወደ ኋላ ሸሸች። «ተይው» አለች። «ትናንት ተበላሽቶብኝ ነው የተሰጠኝ።»